«ሺት» አንሶላ አይደለም፦ የጀልባና የመርከብ ቃላትን በአማርኛ ለመማርና ለመተርጎም

ኮምቦልቻ ባሕር የላትም፤ ወደብ ግን አላት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ በኩል የሚመጣው ኮንቴይነር በደረቅ ወደቡ ሲራገፍ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ግራ የሚጋባበት የወረቀት ክምርም አብሮት ይደርሳል። እኔ በከተማው አነስተኛ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ስላለኝ ከዚህ ወረቀት ጋር ከተዋወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ደንበኞቼም ትራንዚተሮች፣ አስመጪ ነጋዴዎች፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ወደ መርከበኝነት ሥልጠና ለመግባት የሚዘጋጁ የምሕንድስና ምሩቃን ናቸው።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ በአንድ ወቅት ስለ ሸራ ጀልባ የሚያስተምር የ12 ገጽ ጽሑፍ አምጥቶ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ። መዝገበ ቃላቴን ከፍቼ በሁለት ቀን ጨረስሁት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጀልባው ላይ አልጋ አለ እንዴ?» አለኝ። የሸራ መቆጣጠሪያ ገመድ ስም የሆነውን «ሺት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከላይ እስከ ታች «አንሶላ» ብዬው ኖሯል፤ «አንሶላውን ሳብ፤ ነፋሱ ሲበረታ አንሶላውን ልቀቅ» እያለ የሚቀጥል መመሪያ ነበር የሰጠሁት። አብረን ስንመረምረው ጥፋቱ በዚያ አላበቃም። «ወደ ፖርት ታጠፍ» የሚለው፣ ወደ ጀልባው ግራ ማለት ሲሆን፣ «ወደ ወደብ ታጠፍ» ሆኗል፤ የጀልባውን ፊት የሚያመለክተው «ባው» «ቀስት»፣ የኋላውን ጫፍ የሚያመለክተው «ስተርን» ደግሞ «ኮስታራ» ተብለው ቁጭ ብለዋል። ገንዘቡን መለስሁለት፤ ጽሑፉንም እንደ ገና ተረጎምሁት። ከዚህ በታች ያለው መምሪያ ከዚያ ከሁለተኛው ሥራ የተማርሁት ነው።

ከቃሉ በፊት ሥራውን መጠየቅ

የባሕር ቃል ሲገጥምዎ «ምን ማለት ነው?» ብለው መዝገበ ቃላት ከመክፈትዎ በፊት «ይህ ነገር ጀልባው ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ። የእንግሊዝኛ መርከበኞች ቃላት ብዙዎቹ በየብስ ላይ ሌላ ትርጉም ካላቸው ቃላት ጋር ድምፃቸውም ፊደላቸውም አንድ ነው፤ ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ የሚያሳይዎ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የየብሱን ትርጉም ነው። የነገሩን ሥራ ካወቁ በኋላ ግን ሦስት መንገዶች አሉ። አማርኛ የራሱ ቃል ካለው እርሱን ይጠቀሙ። የራሱ ቃል ከሌለው፣ በእርሻ፣ በፈረስ ወይም በቤት ዕቃ ዘንድ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነገር እንዳለ ይፈልጉና በንጽጽር ያስረዱ። ሁለቱም ካልተሳኩ የውጭውን ቃል በፊደላችን ጽፈው አንድ ጊዜ በደንብ ያብራሩት፤ ከዚያ በኋላ ሳይለዋውጡ ይዘውት ይሂዱ። በአንድ ገጽ ላይ አንዱን ዕቃ በሦስት ስም የሚጠራ ትርጉም፣ አንሶላ ከሚለውም የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንሶላው ቢያንስ ያስቃል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት ባዶ እጁን አይደለም። ታንኳ፣ ጀልባ፣ መርከብ፣ ሸራ፣ ምሰሶ፣ መቅዘፊያ፣ መሪ፣ መልሕቅ፣ ወደብ የተባሉት ሁሉ ማብራሪያ የማይሹ ቃላት ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን የመርከብ መሰበር ታሪክ በአማርኛ ያነበበ ሰው የመርከቡን ሁለት ጫፎች «በስተፊት» እና «በስተኋላ» ብሎ መለየትን፣ መርከበኞቹም ከበስተኋላ አራት መልሕቅ መጣላቸውን ያውቃል። ስለዚህ «ባው» እና «ስተርን» የሚሉትን ቃላት መዋስ አያስፈልገንም፤ የተሻለ አለን። ታንኳን፣ ጀልባንና መርከብን ግን ማምታታት አይገባም፤ ታንኳ እንደ ጣናው የደንገል ታንኳ ቀላልና ጠባብ ሲሆን፣ ጀልባ ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፋይበር ግላስ የሚሠራ ነው፤ መርከብ ደግሞ ጀልባ በላዩ ሊጭን የሚችል ትልቅ ነገር ነው።

የማን ግራ፣ የማን ቀኝ?

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ውኃ ላይ አንድ ቀን በመቅዘፊያ ጀልባ ተሳፍሬ ነበር። ባለ ጀልባው ሽበታም ሰው ናቸው። ሁለት መቅዘፊያ ይዞ የሚቀዝፍ ሰው ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ስለሚቀመጥ፣ እርሳቸው ወደ ኋላ፣ እኔ ደግሞ ከበስተኋላ ተቀምጬ ወደ ፊት እያየን ፊት ለፊት ተፋጠናል። የቆሮሶ አጥማጆች የዘረጉትን የመረብ ተንሳፋፊ ከፊታችን አየሁና «አባባ፣ ወደ ግራ! ወደ ግራ ይበሉ!» ብዬ ጮኽሁ። እርሳቸውም ወደ ራሳቸው ግራ አዞሩት፤ የርሳቸው ግራ የእኔ ቀኝ ነውና በቀጥታ መረቡ ላይ ወጣን። መቅዘፊያቸውን ከገመዱ ቀስ ብለው እያላቀቁ «አብሽር ልጄ፤ ግን በማን ግራ ነው የምታዘኝ?» አሉኝ።

መርከበኞች «ስታርቦርድ» እና «ፖርት» የሚሉት ይህንን ጥያቄ ለማስቀረት ነው። ስታርቦርድ ወደ በስተፊቱ አቅጣጫ ዞሮ የቆመ ሰው ቀኙ የሚሆነው የጀልባው ጎን ነው፤ ፖርት ደግሞ ግራው። ሰውዬው ቢዞር፣ ቢቀመጥ ወይም ቢተኛ ስሙ አይለወጥም፤ ስሙ የጀልባው እንጂ የሰውየው አይደለምና። «ስታርቦርድ» የመጣው መሪ የሚያዝበት ጎን ከሚለው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው፤ መሪ በበስተኋላው መካከል መገጠም ከመጀመሩ በፊት ጀልባ የሚመራው በቀኝ ጎኑ በታሰረ ትልቅ መቅዘፊያ ነበር። ያ መቅዘፊያ ከወደቡ ግንብ ጋር እንዳይጋጭ ጀልባው በግራ ጎኑ ይጠጋል፤ ወደቡን የሚነካው ጎንም «ፖርት» ተባለ። ቀድሞ ግራው «ላርቦርድ» ይባል ነበር፤ ከስታርቦርድ ጋር በጩኸት መካከል ስለሚምታታ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ1844 (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) «ፖርት» በሚለው እንዲተካ አዘዘ።

በትርጉም ላይ «የጀልባው ቀኝ» እና «የጀልባው ግራ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ «የጀልባው» የሚለው ቃል ግን ፈጽሞ መቅረት የለበትም። ለሥልጠና የሚዘጋጅ ሰው ሁለቱንም የውጭ ስሞች እንዲሁ በቃሉ ይያዝ፤ ፈተናውም ሥራውም በእነርሱ ነውና።

በሌሊት ከጀልባው ግራ ቀይ፣ ከቀኙ አረንጓዴ፣ ከበስተኋላው ነጭ መብራት ይበራል። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ወጥመድ አለ፦ «ቀይ» እና «ቀኝ» በአንድ ፊደል ጀምረው በአፍ ላይ ስለሚቀራረቡ፣ ተማሪው በችኮላ ቀይን ለቀኝ ይሰጣል። እኔ የማስጠናው «ቀይ ቀኝ አይደለም» በሚል ነው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። ሁለት የሞተር ጀልባዎች መንገዳቸው እርስ በርሱ ሲያቋርጥ ሌላውን በራሱ ቀኝ በኩል የሚያየው ነው መንገድ የሚለቀው፤ በሌሊት ይህ ሰው ከፊቱ የሚያየው የሌላውን ግራ ጎን፣ ማለትም ቀዩን መብራት ነው። ቀይ ካዩ ያሳልፉ ማለት ነው፤ ፒያሳ ላይ ቆሞ የትራፊክ መብራት ለጠበቀ ሰው የሚከብድ አይደለም። ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ ሁለቱም ወደየቀኛቸው ይታጠፋሉ።

የጀልባው አካል

ውኃ ላይ የሚቀመጠው ዋናው አካል ቀፎ ይባላል፤ የላዩ ወለል «ደክ» ነው። ከቀፎው ሥር ከፊት ወደ ኋላ እንደ አከርካሪ የሚዘረጋው፣ በሸራ ጀልባም ወደ ውኃው እንደ ክንፍ የሚጠልቀው «ኪል» ነው፤ ለዚህ ስም አማርኛ ቃል መፍጠር ስላልቻልሁ እንዳለ ትቼዋለሁ። ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ ነው፤ ከምሰሶው ግርጌ በአግድም ወጥቶ የሸራውን ታች ወጥሮ የሚይዘው እንጨት ወይም ብረት «ቡም» ይባላል። መሪው ከበስተኋላ ውኃ ውስጥ ያለው ዝርግ ነገር እንጂ በእጅ የሚያዘው አይደለም፤ በእጅ የሚያዘው የመሪው እጀታ ነው። እጀታውን ወደ ቀኝ ሲገፉት ጀልባው ወደ ግራ ይዞራል። መኪና የለመደ ሰው በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ራሱ ይለምደዋል።

ገመድ ሁሉ ገመድ አይባልም

በሸራ ጀልባ ላይ እያንዳንዱ ገመድ በሥራው ይጠራል። ሸራውን ወደ ምሰሶው አናት የሚሰቅለው «ሃልያርድ» ነው፤ መስቀያ ገመድ ብንለው ያስኬዳል። ያ ያሳፈረኝ «ሺት» ደግሞ ሸራው ከተሰቀለ በኋላ ወደ ጀልባው መካከል የሚስበው ወይም ወደ ውጭ የሚለቀው ገመድ ነው። ሥራውን ሳጤነው የፈረስ ዛብ ሆኖ አገኘሁት፦ ፈረሰኛ ዛቡን ሲሰበስብ ፈረሱ እንደሚገታ፣ ሲለቅለት እንደሚጋልብ ሁሉ፣ በጀልባም ሸራው በእጅ የሚታዘዘው በዚህ ገመድ ነው። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻ አይሄድም፤ ሸራው ሲለቀቅ ኃይሉን ያጣል እንጂ አይጋልብም። ስለዚህ ሁለተኛው ትርጉሜ «የሸራው ዛብ (ሺት)» ብሎ ከጀመረ በኋላ በዚህ በዚህ ይለያል ብሎ ያብራራል።

የዛቡ አያያዝ አንድ ቀላል ደንብ አለው። ሸራው በፊተኛው ጠርዙ በኩል መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ይልቀቁት፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ብቻ መልሰው ይሳቡት። ከዚያ በላይ መሳብ ጀልባውን ያጋድለዋል እንጂ አያፈጥነውም። ነፋስ በድንገት ሲመታዎ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ዛቡን መልቀቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ነፋስና የሐረጎ መንገድ

የሸራ ጀልባ ቃላት እምብርት ነፋስ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። መጀመሪያ ነፋስ የሚሰየመው በሚመጣበት እንጂ በሚሄድበት አቅጣጫ አይደለም፤ የምሥራቅ ነፋስ ማለት ከምሥራቅ የሚነፍስ ነው። ከአንድ ነገር አንጻር ነፋሱ የሚመጣበትን ወገን መርከበኞች «ዊንድዋርድ»፣ የሚሄድበትን ወገን «ሊዋርድ» ይሉታል። ለእነዚህ ከ«ራስጌ» እና ከ«ግርጌ» የሚሻል ቃል አላገኘሁም፦ የነፋስ ራስጌ፣ የነፋስ ግርጌ። ሁለት የሸራ ጀልባዎች ነፋሱ በአንድ ጎናቸው እየመታቸው ሲቀራረቡ በራስጌ ያለው በግርጌ ላለው መንገድ ይለቃል። ነፋሱ በተለያየ ጎን የሚመታቸው ከሆነ ግን በግራ ጎኑ የሚመታው ነው የሚለቀው።

የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ራስጌ መሄድ አይችልም። ነፋሱ ከሚመጣበት መሥመር ግራና ቀኝ በየ45 ዲግሪ ገደማ ያለው ስፍራ የተከለከለ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሸራው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሠራም። ታዲያ ወደዚያ መድረስ የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሰው መልሱን በእግሩ ያውቀዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አለ፤ የጫነ ኤፍኤስአር በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ተራራ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ሊወጣው አይችልም፤ መንገዱም አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ጥቂት ከፍታ ይገዛል። ነፋስም እንዲሁ ዳገት ነው። ጀልባው በ45 ዲግሪ ወደ አንድ ወገን ይሄድና ይታጠፋል፣ በሌላው ወገን በ45 ዲግሪ ይሄድና ደግሞ ይታጠፋል። ይህ መታጠፍ «ታክ» ይባላል። 1 ኪሎ ሜትር ወደ ነፋሱ ራስጌ ለመግፋት 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ልዩነቱ፣ የሐረጎ መታጠፊያዎች በመሐንዲስ የተቆረጡ ሲሆኑ የባሕሩን ራስዎ ይቆርጣሉ፤ ደግሞም ተራራው ቦታውን አይለውጥም፣ ነፋስ ግን ይለውጣል።

ጀልባው ለምን ወደ ጎን ተገፍቶ አይቀርም ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ጥሩ ተማሪ ነው። ነፋሱ ሸራውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ኪሉ ደግሞ በውኃው ውስጥ ወደ ጎን መንሸራተትን ይከለክላል፤ በሁለቱ መካከል የተያዘው ጀልባም በሁለት ጣት እንደተጨመቀ የሎሚ ፍሬ ወደ ፊት ያመልጣል። ይህን ለማየት ሐይቅ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሃይላንድ ጠርሙስ በቁመቱ ለሁለት ይሰንጥቁ፤ ቀጭን እንጨት ምሰሶ ያድርጉለት፤ ከፌስታል ሸራ ይቁረጡለትና በሳፋ ውኃ ላይ አስቀምጠው ከጎኑ ቬንትሌተር ይክፈቱ። ጠርሙሱ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ከሳፋው ዳር ይጣበቃል። አሁን ከሆዱ ሥር የመዳፍ ስፋት ያለው የቆርቆሮ ዝርግ በቁመቱ አቁመው ይለጥፉና እንደ ገና ይሞክሩት፤ ወደ ፊት መሄድ ይጀምራል። በደሴ ብርድ ቬንትሌተር የሚከፍት ሰው ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ማንም ልብ አይልም።

የጉዞ አቅጣጫዎቹ ስም የተሰጣቸው ከነፋሱ አንጻር ነው። የተከለከለውን ስፍራ ጠርዝ ተጠግቶ ዳገቱን መግፋት «ክሎዝ ሆልድ» ይባላል፤ ዛቡ ጥብቅ ብሎ ይሳባል። ነፋሱ በትክክል ከጎን ሲመታ «ቢም ሪች» ነው፤ ሸራው እስከ ግማሽ ይለቀቃል፤ ለጀማሪም ከሁሉ የሚቀለው ይኸው ነው። ከጎንና ከኋላ መካከል ሲመጣ «ብሮድ ሪች»፣ ቀጥታ ከኋላ ሲገፋ «ራኒንግ» ይሆናል፤ ሸራውም ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይለቀቃል። «ቢም» እዚህ ላይ ተሸካሚ እንጨትም ጨረርም አይደለም፤ የጀልባው ወርድ ማለት ነው።

ታክ ሲደረግ ትእዛዙና ምላሹ የታወቀ ነው። መሪውን የያዘው ሰው «ለመዞር ተዘጋጁ» ይላል፤ ሠራተኞቹ ገመዳቸውን ይዘው «ዝግጁ» ብለው ሳይመልሱ አይዞርም። ከዚያ «ዞርሁ» ብሎ እጀታውን ሸራው ወዳለበት ወገን ይገፋዋል፤ የጀልባው ፊት ነፋሱን አቋርጦ ያልፋል፣ ቡሙ ከራስ በላይ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፣ ሰዎቹም ጎንበስ ብለው ወደ አዲሱ ራስጌ ይዛወራሉ። ፍጥነት ሳይኖርዎ ከዞሩ ጀልባው ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ መሐል ላይ ይቆማል፤ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ማርሽ ሳይቀንስ ገብቶ ሞተሩ የጠፋበት ሹፌር የሚደርስበት ነገር ነው።

ነፋሱ ከኋላ ሲሆን የሚደረገው መታጠፍ ግን ሌላ ስም አለው፤ «ጃይብ» ይባላል። እዚህ ነፋሱን የሚያቋርጠው በስተኋላው ነው፤ ሸራው አንዴም ኃይሉን ሳያጣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። ሐረጎን የሚያውቅ ሹፌር የሚፈራው ዳገቱን ሳይሆን ቁልቁለቱን እንደ ሆነ ሁሉ፣ ልምድ ያለው መርከበኛም የሚጠነቀቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ የዋህ ይመስላል፤ ጀልባው ከነፋሱ ጋር ስለሚሄድ ፊት ላይ የሚሰማው ቀዝቃዛ አየር እንኳ ይቀንሳል። ሳይታሰብ የተደረገ ጃይብ ግን ቡሙን በሰው ራስ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ አስቀድመው ዛቡን ሰብስበው ሸራውን ወደ መካከል ያምጡት፤ ከተሻገረ በኋላ በሌላው ጎን ቀስ እያሉ ይልቀቁት። ተርጓሚም ታክንና ጃይብን ሁለቱንም «መዞር» ብሎ ካለፋቸው ሰው ሊጎዳ የሚችል ስሕተት ሠርቷል።

መልሕቅና ማረሻ

መልሕቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ መሬት ቆፍሮ በመግባቱ ነው። ማረሻ የሚመስል መልሕቅ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሬ የጠመደ ሰው ሞፈሩ ወደ ላይ ከተነሣ ማረሻው ከአፈሩ እንደሚወጣ ያውቃል፤ የመልሕቅ ገመድም እንደዚሁ በተቻለ መጠን በአግድም መሳብ አለበት፤ ይህ የሚሆነው ረጅም ገመድ ሲለቀቅ ነው። የተለመደው ልክ ከጀልባው ፊት እስከ ውኃው ሥር መሬት ካለው ጥልቀት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ነው፤ 4 ሜትር ከሆነ ከ20 እስከ 28 ሜትር ማለት ነው። መልሕቅ አይወረወርም፤ ጀልባው ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ከቆመ በኋላ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ጀልባው ወደ ኋላ ሲንሳፈፍ ገመዱ ይለቀቃል። በየብስ ላይ ከፊትና ከኋላ በአንድ መሥመር የተሰለፉ ሁለት ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከጀርባው ያለ ኮረብታ፣ ልብ ብለው ይያዙ። ሰልፋቸው እየተለያየ ከሄደና ካልተመለሰ መልሕቁ እየተጎተተ ነው።

ጀልባን ከዛፍም ከብረትም ለማሰር አንድ ቋጠሮ ብቻ መማር ካለብዎ «ቦውላይን» ይሁን። የማይጠብቅና የማይንሸራተት ቀለበት ይሠራል፤ ከተሳበ በኋላም በቀላሉ ይፈታል። ረጅሙን ገመድ በግራ እጅ ይዘው በላዩ ላይ ትንሽ ዙር ይሥሩ፤ ከጫፉ የሚመጣው ክፍል ከረጅሙ በላይ ይሁን። ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በዙሩ ውስጥ ያውጡት፤ በረጅሙ ገመድ ጀርባ አዙሩት፤ በመጣበት ዙር መልሰው ወደ ታች ይክተቱትና ሁሉንም አጥብቀው ይሳቡት። ገመዱ ሸክም ላይ እያለ አይፈታም፤ ስለዚህ በችኮላ መልቀቅ ለሚያስፈልግ ነገር አይጠቀሙበት።

ወረቀቱ ላይ የሚመጡት

በጭነት ሰነድ ላይ «ቬሰል» መርከብ እንጂ ዕቃ አይደለም። «በርዝ» መርከብ ወደቡ ላይ የሚቆምበት ስፍራ ነው፤ ድምፁ ከልደት ጋር ስለሚመሳሰል በስልክ የሰማ ጸሐፊ «መርከቡ ተወለደ» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። «ድራፍት» እንደ ረቂቅ ደብዳቤ ተቆጥሮ ብዙ ያሳስታል፤ የመርከቡ አካል ከውኃው ገጽ በታች የጠለቀበት ልክ ነው፤ «ጥልቀት» የውኃው ስለሆነ «የመርከቡ ጠለቅ» እለዋለሁ። የመርከቡ ጎን ላይ የሚቀባው የጭነት ልክ መሥመር በእንግሊዛዊው የፓርላማ አባል በሳሙኤል ፕሊምሶል ትግል በ1876 (ጎ.አ.) በሀገሩ ሕግ ግዴታ የሆነ ነው። በመሥመሩ አጠገብ ለጣፋጭ ውኃ የተለየ ምልክት አለ፤ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል፣ የጣፋጭ ውኃ ደግሞ 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ያው መርከብ በጣፋጭ ውኃ ላይ ይበልጥ ይጠልቃል።

«ኖት» ቋጠሮም ርቀትም አይደለም፤ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት 1 የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር። ስሙ ግን በእርግጥ ከቋጠሮ ነው የመጣው፤ ጥንት መርከበኞች በየተወሰነ ርቀት የተቋጠረ ገመድ ወደ ኋላ እየለቀቁ በአሸዋ ሰዓት ቋጠሮ ይቆጥሩ ነበር። «20 ኖት በሰዓት» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ሰዓቱ በውስጡ አለ። «ዲመሬጅ» ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ሲቆይ የሚከፈል ነው፤ በኮምቦልቻ የማያውቀው አስመጪ ስለሌለ ከዚህ በላይ አላብራራውም።

ወደ ዳር ሲጠጉ

ጀልባውን በተቻለ መጠን ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥተው ይጠጉ፤ ነፋሱ ፍሬን ይሆንልዎታል። በጎኑ ላይ «ፌንደር» የሚባለውን መከላከያ አስቀድመው ያንጠልጥሉ፤ አሮጌ ጎማም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ከጀልባው ወደ ዳር አይዝለሉ፤ ከተጠጋ በኋላ ይራመዱ። መጀመሪያ በነፋሱ ራስጌ ያለው ገመድ ይታሰራል፤ ቀጥሎ ሌላው። ከበስተፊት ወደ ኋላ፣ ከበስተኋላ ወደ ፊት በሰያፍ የሚታሰሩት ሁለት ገመዶች «ስፕሪንግ» ይባላሉ፤ ጀልባው በዳሩ ርዝመት ወዲያና ወዲህ እንዳይሄድ የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ሸራው የሚወርደው ገመዶቹ ሁሉ ከታሰሩ በኋላ አይደለም፤ ጀልባው ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ገና ሲቆም ነው፤ ካልሆነ የታሰረው ጀልባ እንደ ገና መሄድ ይጀምራል።